አገርን መውደድ ብቻውን ይበቃልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተደረገው ጉባኤያችን ስለ ጠላት ፍቅር ትምህርት ከተሰጠን በኋላ፥ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ጠላትን መውደድ በሰላም ጊዜ ለጎረቤት ጠብ የሚሆን ትእዛዝ ነው፤ አገር በተወረረ ጊዜ ግን ጠላቱን የሚወድ ሰው ወገኑን መክዳቱ አይደለምን?» ሲል ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጠች እኅታችንም ቀጥላ «ሰውን ከሞት ለማትረፍ ብንዋሽስ? ውሸት ሁልጊዜ ኃጢአት ነው ካልን፥ የሸሸገችውን ሰው ለገዳዮቹ አሳልፋ የሰጠች ሴት ጻድቅ ልትባል ነውን?» አለች። ብዙ ተከራከርን። ሰዓቱ ስላለቀም ሳንስማማ ጸሎት አድርገን ተለያየን።

ጥያቄዎቹ ግን አልለቀቁንም። በባዶ ሜዳ ከመከራከር ይልቅ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በሥጋዋና በደሟ የመለሰች አንዲት ሴት ፈልገን ሕይወቷን ብንመረምር ይሻላል ተባባልን። ያገኘናትም ኤዲት ካቬል የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ናት። ጠመንጃ አልያዘችም፥ ሹመትም አልነበራትም፤ በጦርነት መካከል የተገኘች ሰላማዊት ሴት ነበረች። ከእኛ ቤተ ክርስቲያንም አይደለችም፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። ይሁን እንጂ ጌታችን የባልንጀራን ፍቅር ባስተማረበት ምሳሌ ያመሰገነው ካህኑንና ሌዋዊውን ሳይሆን ሳምራዊውን ነውና፥ መልካም ሥራን ከየትም ሆነ ከማን ለመማር ማፈር የለብንም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናሳስባለን።

ከቄስ ቤት እስከ ብራስልስ

ኤዲት ካቬል ዲሴምበር 4 ቀን 1865 በእንግሊዝ አገር፥ በኖርዊች ከተማ አጠገብ ስዋርድስተን በምትባል መንደር ተወለደች። አባቷ የመንደሩ ቄስ ነበሩ። በወጣትነቷ በሰው ቤት ልጆችን እያስተማረች ትኖር ነበር፤ ለዚሁ ሥራ ብራስልስ ከተማ ሄዳ ጥቂት ዓመታት ስለ ተቀመጠች የፈረንሳይኛ ቋንቋ በሚገባ ዐወቀች። በ1895 አባቷ ስለ ታመሙ ልታስታምማቸው ወደ አገሯ ተመለሰች። ነርስ ለመሆን የቆረጠችው በዚያ ጊዜ ነው ይባላል። በ1896 ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በለንደን ሆስፒታል ተማሪ ሆና ገባች። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ከመካከላችን በሃያ ዓመቱ «ጊዜዬ አለፈ» እያለ የሚያዝን አለና!

በ1897 ሜድስተን በተባለ ከተማ የአንጀት ተስቦ በገባ ጊዜ በሽተኞችን ለማስታመም ከተላኩት ነርሶች አንዷ ነበረች። በ1907 ደግሞ ዶክተር አንቷን ደፓዥ የተባሉ የቤልጅግ ቀዶ ሐኪም በብራስልስ አዲስ የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ እርሷን ኃላፊ እንድትሆን ጠሩዋት። በዚያን ጊዜ በቤልጅግ በሽተኞችን የሚያስታምሙት በአብዛኛው መነኮሳይያት ስለ ነበሩ፥ የጨዋ ልጅ ለደመወዝ በሽተኛ ማስታመሟ እንደ ውርደት ይታይ ነበር። ኤዲት ይህን አስተሳሰብ በትዕግሥት ለወጠችው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትምህርት ቤቱ ለብዙ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ነርሶችን የሚያቀርብ ሆነ። ጥብቅ ሴት እንደ ነበረች፥ የሰዓትና የንጽሕና ነገር በእርሷ ዘንድ ቀልድ እንዳልነበረው ተማሪዎቿ መስክረዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የአንዲት ትጉህ ሠራተኛ ታሪክ እንጂ የጀግና ታሪክ አይመስልም። እኛ ግን ጀግንነቷ የተሠራው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ሰው በጭንቅ ቀን የሚያወጣው በደኅና ቀን ያጠራቀመውን ነውና።

ጦርነቱ

በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲጀመር ኤዲት ለዕረፍት እንግሊዝ አገር አሮጊት እናቷ ዘንድ ነበረች። እዚያው ብትቀር የሚወቅሳት አልነበረም። እርሷ ግን ከምንጊዜውም ይልቅ የምፈለገው አሁን ነው ብላ ወደ ብራስልስ ተመለሰች። በዚያው ወር በ20ኛው ቀን የጀርመን ጦር ከተማይቱን ያዘ። ቤልጅግ የገለልተኛነት ቃል የተገባላት አገር ነበረች፤ ቃሉ ፈረሰ፤ ሰላማውያን ሰዎች በየመንደሩ ተረሸኑ፤ የሉቨን ከተማ ጥንታዊ የመጻሕፍት ቤትም በእሳት ጋየ። እንግዲህ ጥላቻ በየቤቱ የገባበት ጊዜ ነበር።

የኤዲት ትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሆኖ ነበር። ለነርሶቿ ያስተላለፈችው ትእዛዝ ቁስለኛ ሁሉ፥ የየትኛውም አገር ሰው ይሁን፥ እኩል እንዲታከም ነው። ጀርመናዊም ቢሆን የአንዲት እናት ልጅ ነውና። በዚያን ጊዜ ከነርሶቹ መካከል ይህን መስማት የከበደው ሊኖር እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እስኪ ራሳችንን በእነርሱ ቦታ እናስቀምጥ!

በዚያው ኦገስት ወር ሞንስ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያና በማፈግፈጉ ጊዜ ከጦራቸው ተነጥለው በጀርመኖች ይዞታ ውስጥ የቀሩ ብዙ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ነበሩ። በየጫካውና በየገበሬው ጎተራ ተደብቀው ኖሩ። ሲያዙ አንዳንዶቹ ይረሸኑ ነበር፤ የሸሸጋቸውም ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። በኖቬምበር 1914 አንድ መሐንዲስ ሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮችን ይዞ በማታ ወደ ኤዲት ቤት መጣ። አስገባቻቸው።

ከዚያ በኋላ መምጣታቸው አላቋረጠም። መስፍን ሬዥናልድ ደ ክሮይና እኅቱ ማሪ፥ መምህርት ሉዊዝ ቱልዬ፥ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ፊሊፕ ቦክ፥ ሌሎችም ብዙዎች ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዱ ወታደሮቹን ከተደበቁበት ይሰበስባል፤ አንዷ ፎቶግራፍ አንሥታ የሐሰት መታወቂያ ታዘጋጃለች፤ ኤዲት በሆስፒታሏ ታሳርፋቸዋለች፥ ገንዘብ ትሰጣቸዋለች፥ ከመንገድ መሪዎች ጋር ታገናኛቸዋለች፤ መሪዎቹም በሌሊት ገለልተኛ ወደ ነበረችው ሆላንድ ያሻግሯቸዋል። በዚህ ዓይነት በእርሷ እጅ ያለፉት ወታደሮች 200 ያህል ይደርሳሉ። ሆስፒታሉ ሲፈተሽ ደግሞ ፈታሾቹን ማሳሳት ነበረባት።

ውሸት ወይስ ምሕረት?

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ ደረስን። ኤዲት ወታደሮቹን ስትሸሽግ፥ የሐሰት መታወቂያ ሲሠራላቸው፥ ፈታሾችን ስታታልል፥ ዋሽታለች። ይህ ኃጢአት ነውን?

መጽሐፍ ቅዱስን ስንመረምር ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን እናያለን። በኦሪት ዘጸአት ሲፓራና ፉሐ የተባሉት አዋላጆች የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ ፈርዖን ባዘዛቸው ጊዜ ልጆቹን አዳኑ፥ ለንጉሡም ሌላ ምክንያት ሰጡት። እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። በኢያሱ መጽሐፍ ረዓብ ሁለቱን ሰዎች በጣሪያዋ ላይ ሸሽጋ የንጉሡን መልእክተኞች በሌላ መንገድ ሰደደቻቸው። ይህችን ሴት ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት፥ ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ በመልካም ያነሷታል።

የቤተ ክርስቲያን መምህራንም በዚህ ጉዳይ በአንድ ቃል አልተናገሩም። አውግስጢኖስ ውሸት ሁሉ ኃጢአት ነው ሲል ተከራክሯል፤ አዋላጆቹና ረዓብ የተመሰገኑት ስለ ምሕረታቸው እንጂ ስለ ውሸታቸው አይደለም ብሎም ይተረጕማል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ፥ ሐኪም በሽተኛውን ለማዳን ሲል እንደሚያታልለው ሁሉ፥ ለበጎ ነገር የሚደረግ ማታለል ከክፉ ማታለል ጋር አንድ ስም ሊሰጠው አይገባም ይላል። ከፈላስፎች ወገን ደግሞ ጀርመናዊው ካንት በ1797 ባወጣው ጽሑፍ፥ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም እስከ ማለት ደርሷል።

እኛ የካንትን ነገር ተነጋግረንበት ለመቀበል አልቻልንም። እውነት የሚባለው ነገር አፍ የሚያወጣው ቃል ብቻ አይደለም። ነፍሰ ገዳዩ በር ላይ ሆኖ «ሰውየው የት ነው?» ሲል የሚጠይቀው እውነትን ሽቶ አይደለም፤ በእጃችን ሊገድል ነው። በአንጻሩ ደግሞ «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል ስንት ክፉ ሥራ እንደሚሸፍን እናውቃለን። በፈተና ላይ የሚኰርጀው ተማሪ፥ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ በትክክል የማያስመዘግበው፥ በጓደኛው ላይ ወሬ የሚያወራው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይላልና። ታዲያ መለያው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘነው በመጻሕፍት ክርክር ሳይሆን በኤዲት መያዝና በፍርድ ቤት በሰጠችው ቃል ነው።

በፍርድ ፊት

በጁላይ 1915 መጨረሻ ላይ ፊሊፕ ቦክና ሉዊዝ ቱልዬ ተያዙ። ኦገስት 5 ቀን ኤዲት ተያዘች። ሴን ዥል በተባለው እስር ቤት አሥር ሳምንት ያህል ቆየች። መርማሪዎቹ ባልደረቦችሽ ሁሉን ተናግረዋል እንዳሏት ይነገራል። ያም ሆነ ይህ፥ ያደረገችውን ሳትክድ ተናገረች፤ በጀርመንኛ በተጻፈው ቃሏ ላይም ፈረመች።

ኦክቶበር 7 ቀን በጦር ፍርድ ቤት ቀረበች። አብረዋት የቀረቡት ተከሳሾች ከ30 ይበልጣሉ። ክሷ ስለላ አልነበረም፤ ወታደሮችን ወደ ጠላት ወገን ማሻገር የሚለው ነው። ለምን እንዳደረገችው ስትጠየቅ፥ ባልረዳቸው ኖሮ ይረሸኑ ነበር የሚል መልስ ሰጠች። ከተሻገሩት መካከል አንዳንዶቹ እንግሊዝ አገር በደኅና ገብተው የምስጋና ደብዳቤ እንደ ጻፉላት ሳይቀር አመነች። ይህች አንዲት ቃል የከበደች ነበረች፤ ሰዎቹ ጠላት አገር መድረሳቸውን አረጋግጣለችና በሞት ለሚያስቀጣው ክስ ማስረጃ ሆነች።

እንግዲህ እናስተውል። ይህች ሴት ለዘጠኝ ወር ያህል ስታታልል ኖራ በፍርድ ፊት ስትቆም እውነቱን የተናገረችው ለምንድን ነው? ለሌላው ነፍስ ሸሸገች፤ ለራሷ ነፍስ ግን አልሸሸገችም። ወታደሮቹን ለማዳን ቃሏን አጠመመች፤ ራሷን ለማዳን ግን ቃሏን ማጠማመም አልፈለገችም። እኛም መለያው ይህ ሳይሆን አይቀርም አልን። «ለበጎ ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ፤ በዚህ ውሸት የሚድነው ማነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማነው? የምድነው እኔ፥ የሚከፍለው ሌላው ከሆነ፥ ስሙ ምሕረት አይደለም።

በዚህም ላይ ቢሆን ሁላችንም አልተስማማንም። አንዱ ወንድማችን «እውነት መናገሯ እርሷን ብቻ የሚነካ ቢሆን መልካም ነበር፤ አብረዋት የተከሰሱ ሌሎች ነበሩ፤ ዝምታ ይሻል ነበር» አለ። ይህን በቀላሉ ልንመልሰው አልቻልንም። ሌላውም «ያሻገረቻቸው ወታደሮች ተመልሰው ሊዋጉ የሚችሉ ናቸው፤ የቀይ መስቀል ነርስ ደግሞ ከጦርነቱ ወገን እንዳትሆን አደራ አለባት፤ ጀርመኖች በሕጋቸው መሠረት በደለኛ ቢሏት እውነት የለውምን?» ሲል ጠየቀ። እውነት አለው። ከመቶ ዓመት በኋላ መዛግብትን የመረመሩ ሰዎች ከዚያ ማኅበር አባላት አንዳንዶቹ የጦር ወሬ ጭምር ያስተላልፉ እንደ ነበር አመልክተዋል። በጦርነት ውስጥ ምሕረት ንጹሕ ልብስ ለብሳ አትመጣም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት በሯን የመታው ቁስለኛና የሚታደን ሰው ነበር። የሕግ ክርክር እስኪያልቅ ደጅ ቁም ልትለው ትችል ነበርን? ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ባገኘው ጊዜ ድነህ ምን ልትሠራ ነው ብሎ አልጠየቀውም።

የመጨረሻዪቱ ሌሊት

ኦክቶበር 11 ቀን አምስት ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ኤዲትና ፊሊፕ ቦክ በማግሥቱ ጧት እንዲረሸኑ ታዘዘ። በብራስልስ የነበሩት የአሜሪካ መልእክተኛ ብራንድ ዊትሎክ ታመው ተኝተው ስለ ነበር ደብዳቤ ጻፉ፤ ጸሐፊያቸው ሂዩ ጊብሰንና የእስፓኝ መልእክተኛ ማርኪስ ደ ቪያሎባር በሌሊት ወደ ጀርመን ባለሥልጣኖች ሄደው ምሕረት ለመኑ። የከተማይቱ ወታደራዊ ገዥ እንቢ አለ።

በዚያች ሌሊት ስተርሊንግ ጋሃን የተባሉ ቄስ እስር ቤት ገብተው እንዲያዩዋት ተፈቀደላቸው። በሐዘን ተሰብራ እናገኛታለን ብለው ፈርተው ነበር፤ ያገኟት ግን ጸጥ ብላ ነው። ሞትን ብዙ ጊዜ ስላየሁት አልፈራውም አለቻቸው። የእስር ቤቱን ሳምንታት ሳይቀር ከመጨረሻው በፊት ለማሰብ የተሰጠኝ ዕረፍት ናቸው ብላ አመሰገነች። ቀጥላም በእግዚአብሔርና በዘላለማዊነት ፊት ቆሜ ሳየው አገርን መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳሁ፤ በማንም ላይ ጥላቻና ቂም ሊኖረኝ አይገባም ስትል ነገረቻቸው። ከዚያም በእምነቷ ሥርዓት ቁርባን ተቀበለች።

ከፍርዱ በፊት ለነርሶቿ ደብዳቤ ጽፋላቸው ነበር። ጠንካራ ሆኜባችሁ ከነበረ ይቅር በሉኝ፥ ሳላውቅ ካልሆነ በቀር አልበደልኋችሁም፥ ከምታስቡት በላይ እወዳችኋለሁ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ሞት የቀረባት ሴት የተጨነቀችው ስለ ስሟ ሳይሆን በሥራ ቦታ ተቆጥታው ሊሆን ስለሚችለው ሰው ነው! ጠላትን ይቅር ማለት ከሩቅ ሲሰሙት ታላቅ ነገር ነው፤ በየቀኑ አብሮን የሚውለውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይከብደናል።

ኦክቶበር 12 ቀን 1915 ማለዳ ቲር ናሲዮናል በተባለው የተኩስ መለማመጃ ስፍራ ከፊሊፕ ቦክ ጋር ተረሸነች። የ49 ዓመት ሴት ነበረች። እስከ መጨረሻው የሸኟት ፖል ለሰር የተባሉ ጀርመናዊ ቄስ ናቸው። ነፍሷ በደኅና እንዳለች እንደምታምን፥ ስለ አገሯም መሞቷ ደስ እንደሚላት ለወዳጆቿ እንዲነገርላት አደራ አለቻቸው።

«አይበቃም» ማለት «አያስፈልግም» ማለት አይደለም

የወንድማችን ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ያቺው ሴት በማታ አገርን መውደድ ብቻውን አይበቃም አለች፤ በማለዳ ደግሞ ስለ አገሬ መሞቴ ደስ ይለኛል አለች። ሁለቱ ቃላት ይጋጫሉን? አይጋጩም። «አይበቃም» ማለት «አያስፈልግም» ማለት አይደለም። እንጀራ ብቻውን አይበቃም ስንል ረኃብተኛ እንሁን ማለታችን አይደለም። ለዓይን አንድ እግር አይበቃውም፥ ለእግርም ዓይን፤ ሰውም አገሩን የሚወድበት ልብ ብቻ ኖሮት ሌላውን ሰው እንደ ሰው የሚያይበት ልብ ከሌለው ጎደሎ ነው።

ጠላቱን የሚወድ አገሩን ይከዳልን? ኤዲት አልከዳችም። ለአገሯ ወታደሮች ነፍሷን ሰጥታለች፤ ይሁንና የጀርመኑን ቁስለኛ አጥባ ቁስሉን አስራለች። ለጠላቷ ያልሰጠችው አንድ ነገር ቢኖር ተደብቀው የነበሩትን ሰዎች ነው። ከዚህ የምንማረው ጠላትን መውደድ ማለት ለክፋቱ መተባበር አለመሆኑን ነው። ክፉውን እንቢ እያሉ ክፉ የሠራውን ሰው አለመጥላት ይቻላል። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ እውነትን አልሸሸገም፤ ለሚወግሩት ግን ጸለየ።

ይህን መረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየው ከሞተች በኋላ የሆነው ነገር ነው። ዜናው ዓለምን አስቈጣ። ቍጣውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሥዕሏ በየግድግዳው ተለጥፎ ወዶ ዘማች ለመሰብሰብና ጥላቻን ለማነሣሣት ዋለ። ራሷን ስታ ወድቃ አንድ መኰንን በሽጉጥ ገደላት የሚል ሐሰተኛ ወሬ ተነዛ፤ በሥዕልም ተሣለ። በማንም ላይ ጥላቻ የለኝም ብላ የሞተች ሴት የጥላቻ ሰንደቅ ሆነች! ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1919 ዐፅሟ ወደ አገሯ ሄደ፤ በለንደን ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደርሶላት በኖርዊች ካቴድራል አጠገብ ተቀበረች። በ1920 በለንደን ትልቅ ሐውልት ቆመላት። በሐውልቱ ላይ ስለ ንጉሥና ስለ አገር የሚል ጽሑፍ ተቀረጸ፤ የራሷ ቃል ግን አልነበረበትም። ያ ቃል የተጨመረው በ1924 የሴቶች ማኅበር ከጠየቀ በኋላ ነው። ሰው ጀግናውን ማክበር ይወዳል፤ ጀግናው የተናገረውን መስማት ግን አራት ዓመት ፈጀበት።

እኛስ?

ይህን የጻፍነው የፈረንጅ ታሪክ ለማውራት አይደለም። በአገራችንም በጠላት ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1941 ስደተኛን በጓዳቸው የሸሸጉ፥ ለአርበኞች ስንቅና ወሬ ያቀበሉ የውስጥ አርበኞች እናቶች ነበሩን። የብዙዎቹ ስም በሐውልት ላይ አልተጻፈም። አያቶቻችንን ጠይቀን ታሪካቸውን መመዝገብ የእኛ የወጣቶቹ ዕዳ ነው።

ከዚህም ይልቅ የቅርቡ ነገር ያሳስበናል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ከዚያም ወዲህ በየስፍራው ያዘነው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። በዚያን ጊዜ የእኛ የምእመናኑ አፍ ምን ይናገር እንደ ነበር እናስታውስ። በአንድ ጽዋ የምንቀርብ ሰዎች አንዱ የአንዱን ወገን በጅምላ ስንረግም፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ስለ ሌላው ሰው እንደ ሰው ያልሆነ ቃል ስንወረውር ተሰምተናል። «አገሬን ስለምወድ ነው» የሚል ማመካኛም ነበረን። ኤዲት ብትሰማን አይበቃም ትለን ነበር። በጠመንጃ ፊት ቆማ ቂም አልያዘችም፤ እኛ ግን በቤታችን ተቀምጠን ቂም ያዝን። ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከመካከላችን ነፃ የሆነ የለምና አስቀድመን ራሳችንን እንወቅሳለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዚህች ሴት ሕይወት ለየዕለት ኑሯችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፥ ሥራችንን በትክክል እንሥራ። ኤዲት ብርቱ ሆና የተገኘችው በመከራ ቀን ድንገት ተነሥታ አይደለም፤ ለዓመታት የታመመን ሰው ስታጥብ፥ ሰዓት ስታከብር፥ ተማሪዎቿን ስታርም ኖራለች። በትንሹ ያልታመነ በትልቁ አይገኝም።

ሁለተኛ፥ ደጃችንን ስለሚመታው ሰው እናስብ። ሁላችንም ወታደር የምንሸሽግበት ቀን አይመጣብን ይሆናል፤ እኛም እንዳይመጣ እንጸልያለን። ነገር ግን በዘሩ ምክንያት ቤት ተከራይቶ ማደር ያቃተው፥ በትምህርት ቤት ማንም አጠገቡ የማይቀመጥ፥ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ደጃችንን ይመታል። በዚያን ጊዜ ድፍረት ማለት በር መክፈት ነው።

ሦስተኛ፥ ለይቅርታ የመጨረሻውን ሌሊት አንጠብቅ። ኤዲት ቂም እንደማይገባ የተናገረችው ሞት አጠገቧ ቆሞ ነው፤ እኛ ግን ሌሊታችን መቼ እንደሆነ አናውቅም። እኅታችንን ያስቀየምን፥ ከወንድማችን ጋር የተኳረፍን፥ ቅዳሴ ከመግባታችን በፊት ሄደን እንታረቅ። ከቤታችን ያልጀመረ የጠላት ፍቅር በአደባባይ ሊገኝ አይችልም።

በዚያች እሑድ ሳንስማማ ተለያይተን ነበር። ዛሬም በሁሉ አልተስማማንም፤ በፍርድ ፊት ዝም ማለት ይሻል ነበር የሚለው ወንድማችን አሁንም ሐሳቡን አልለወጠም። አገሩን ወድዶ ሌላውን የሚጠላ ሰው ፍቅሩ ገና ግማሽ መሆኑን ግን ሁላችን ተስማምተናል። ግማሹን እንዲሞላልን ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።